ስማቸው ላልተጠራ ሰዎች የዘፈነ፦ የዉዲ ጋትሪ ሕይወትና ሥራ



 በዚህ መድረክ እንድናገር ግብዣ ሲደርሰኝ የተነገረኝ አጭር ነበር፤ «ግጥሙን ራሱ የሚጽፍ፣ ራሱ የሚጫወት፣ ከሕዝብ ወጥቶ ለሕዝብ የዘፈነ አንድ ሰው ይምረጡና ሕይወቱንና ሥራውን ያጫውቱን» የሚል። እኔም አሜሪካዊውን ዉዲ ጋትሪን መርጫለሁ።

«በአገራችን ስንት የክራርና የማሲንቆ ሰው ሞልቶ ለምን ባሕር ማዶ ተሻገርክ?» የሚል አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። የቀድሞ ነገሥታቶቻችን የአገሩን ሁኔታ ማወቅ ሲፈልጉ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ እንደነበር ሁላችንም ሰምተን አድገናል። በአደባባይ የማይባለው ነገር ከከብት ጠባቂው አፍ በዜማ ይወጣል ብለው ያምኑ ስለነበር ነው። ዉዲ ጋትሪ በአገሩ ያንን የእረኛውን ሥራ የሠራ ሰው ነው። የእሱን ሕይወት በቅርብ ስናየው የራሳችንን አዝማሪዎች የምናይበት ዓይንም ይጠራልናል ብዬ አምናለሁ።

ዛሬ የምነግራችሁ አንድ ዋና ሐሳብ አለኝ፤ ደጋግሜ ብለው ቅር አይበላችሁ። የሕዝብ ዘፋኝ ምስክር ነው። ምስክር ደግሞ «አሉ» እያለ አይናገርም፤ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ሰዎቹን ይጠራል። ይህንን ለማሳየት አምስት ነገሮችን በየተራ አነሣለሁ፦ ከየት እንደመጣ፣ ማየትን እንዴት እንደተማረ፣ ዘፈኑን እንዴት ይሠራ እንደነበር፣ ስለ አንድ የአውሮፕላን አደጋ የጻፈውን ግጥምና በመጨረሻም ሕመሙንና ውርሱን። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አንደኛ፤ ከየት መጣ?

ዉድሮ ዊልሰን ጋትሪ ጁላይ 14 ቀን 1912 በኦክላሆማ ግዛት ኦኪማ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ስሙ የወጣለት የዴሞክራቲክ ፓርቲ ገና በዚያው ወር ለፕሬዚዳንትነት ባጨው በዉድሮ ዊልሰን ነው። አባቱ ቻርሊ መሬት የሚገዛና የሚሸጥ፣ በአካባቢው ፖለቲካም የሚሯሯጥ ሰው ነበር። እናቱ ኖራ ደግሞ የድሮ የትረካ ዘፈኖችን ለልጆቿ ትዘፍን ነበር። እነዚያ ዘፈኖች ስለ ሰመጠ መርከብ፣ ስለ ተከዳ ፍቅር፣ ስለ ሞተ ሰው የሚያወሩ ናቸው። ልጁ ዘፈን ታሪክ እንደሚይዝ የተማረው ከእናቱ አፍ ነው።

ቤተሰቡ ግን ብዙ አልቆየም። በ1919 ታላቅ እህቱ ክላራ በእሳት ተቃጥላ ሞተች። የአባቱ ንግድ ከሰረ። እናቱ ቀስ በቀስ ጠባይዋ ተለወጠ፤ እጅና እግሯ ሳታዝዘው ይንቀሳቀስ ጀመር፤ ጎረቤት «አብዳለች» አለ። በ1927 አባቱ ክፉኛ ተቃጠለ፤ እናቱም ኖርማን ወደሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተወሰደች፤ ከሦስት ዓመት በኋላ እዚያው አረፈች። ሕመሟ ሀንቲንግተን የሚባለው ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የአንጎል በሽታ ነበር። ይህን ስም ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ልጁ ቤት አልባ ሆነ። ከጓደኞቹ ቤተሰቦች ጋር እየተጠጋ፣ በመንገድ ላይ ሃርሞኒካ እየነፋ ሳንቲም ለቀመ። በ1929 አባቱ ወዳለበት ወደ ፓምፓ፣ ቴክሳስ ሄደ። ጊታር የተማረው እዚያ ከአጎቱ ነው። ለእንጀራው ደግሞ የሱቅ ታፔላ ይጽፍ ነበር።

እዚህ ላይ ነው አቧራው የመጣው። የመካከለኛው አሜሪካ ሜዳ ለዘመናት ሥር የሰደደ ሣር የያዘው መሬት ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የስንዴ ዋጋ ሲወደድ ሜዳው በትራክተር ተገለበጠ። በ1930ዎቹ ዝናቡ ቀረ፤ አፈሩን የሚይዝ ሥር አልነበረም፤ ነፋሱ ተነሥቶ ጠራርጎ ወሰደው። አፈሩ የሄደበት ገበሬ ምን እንደሚሆን ለዚህ አዳራሽ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ኤፕሪል 14 ቀን 1935 እሑድ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከሰማይ እስከ ምድር የደረሰ ጥቁር የአቧራ ግድግዳ ፓምፓን ዋጣት። ሰው ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ የራሱን እጅ ማየት አቃተው። አምፖሉ በርቶ ብርሃን አልሰጠም። ብዙዎች የዓለም ፍጻሜ ደረሰ ብለው አንድ ቤት ተሰበሰቡ፤ ተሰነባበቱ። አሜሪካኖች ያችን ቀን «ጥቁር እሑድ» ይሏታል። ጋትሪ ከዚያ ክፍል ውስጥ ይዞ የወጣው ጎረቤቶቹ እንዴት እንደተሰነባበቱ የሚያወሳ ዘፈን ነው። የ22 ዓመት ወጣት ነበር። ስለ ነፋሱ ብርታት ብቻ ሊዘፍን ይችል ነበር፤ እሱ ግን ስለ ሰዎቹ ዘፈነ።

ሁለተኛ፤ ማየትን እንዴት ተማረ?

መሬቱን ያጣው ሰው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ካሊፎርኒያ ፈለሰ። ልጆቹንና ፍራሹን አሮጌ መኪና ላይ ጭኖ፣ ፍራፍሬ ለቀማ አለ በተባለበት አገር ተበተነ። በፌብሩዋሪ 1936 የሎስ አንጀለስ ፖሊስ በግዛቱ ድንበር ላይ ሰው አቁሞ፣ ገንዘብ የሌለውን መንገደኛ ይመልስ ነበር። የገዛ አገራቸው ዜጎች ናቸው። ካሊፎርኒያ የገቡትንም የአገሬው ሰው «ኦኪ» ይላቸው ነበር፤ ከኦክላሆማ የመጣ ለማለት ነው፤ አባባሉ ግን ስድብ ነበር።

ጋትሪም በ1937 ሎስ አንጀለስ ገባ። ኬኤፍቪዲ በሚባል ሬዲዮ ጣቢያ ከማክሲን ክሪስማን ጋር የራሱን ፕሮግራም ጀመረ። ሁለቱ የሚዘፍኑት ስደተኛው ጥሎት የመጣውን የአገር ቤት ዘፈን ነበር። ደብዳቤ በሺህ የሚቆጠር መጣላቸው። ሰው ጆሮውን የሰጣቸው የሚያውቀውን ድምፅ ስለሰማ ነው።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ከዚያው ሬዲዮ ጣቢያ ነው፤ ለእኔ ከሰውየው ታሪክ ሁሉ ትልቁ ትምህርት ያለበት ይህ ነው። ጋትሪ ያደገው ጥቁሮችን በስድብ ስም መጥራት እንደ ተራ ነገር በሚታይበት አካባቢ ነው። አባቱም ከዚያ አመለካከት የጸዳ አልነበረም። በ1937 አንድ ቀን በአየር ላይ ያንን የስድብ ቃል በርዕሱ የያዘ አሮጌ ዜማ ተጫወተ። አንድ ጥቁር ወጣት ተማሪ ደብዳቤ ጻፈለት። ደብዳቤው ቁጣ የተሞላ አልነበረም፤ የተማረና የሚያስብ ሰው ያንን ቃል በሬዲዮ አይጠቀምም የሚል ነበር። ጋትሪ ደብዳቤውን ወደ ቅርጫት አልጣለውም። በሚቀጥለው ፕሮግራሙ በአየር ላይ አነበበው፤ ይቅርታ ጠየቀ፤ ያ ቃል ያለባቸውንም ዘፈኖች ከደብተሩ ቀደዳቸው።

ወገኖቼ፣ ይህን ለምን ነገርኳችሁ? ምስክር ሆኖ የሚወለድ ሰው ስለሌለ ነው። ሰው ባደገበት መንደር ዓይን ነው የሚያየው። ጋትሪ ያንን ዓይን ያረመው ሌላ ሰው ሲናገረው ጆሮ ስለሰጠ ነው። ከዚያ በኋላ የስደተኛ ሠራተኞች ሰፈሮችን እየዞረ ከሠራተኞቹ ጋር ተቀመጠ፤ ለሥራ ማቆም አድማ ለወጡ ዘፈነ፤ ያየውንም በጋዜጣ ዓምድ ጻፈ። በወዝአደሩ ማኅበራትና በግራ ክንፍ ፖለቲካ ውስጥ በግልጽ ቆመ። በዚህም ምክንያት የትውልድ ከተማው ኦኪማ ለረጅም ዘመን ልታከብረው አልወደደችም።

ሦስተኛ፤ ዘፈኑን እንዴት ይሠራ ነበር?

ይህን በተለይ ግጥም ለምትጽፉና ሙዚቃ ለምትጫወቱ ወጣቶች ነው የምናገረው።

መጀመሪያ ዜማውን እንመልከት። ጋትሪ ብዙ ጊዜ አዲስ ዜማ አይፈጥርም ነበር። ሕዝቡ የሚያውቀውን የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ወይም የቆየ የገጠር ዘፈን ይወስድና አዲስ ግጥም ያለብሰዋል። እኛ ይህን እንግዳ ነገር አንለውም። አዝማሪያችን በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰል፣ በአንቺሆዬ ላይ የራሱን ስንኝ ሲደረድር ዜማ ሰረቀ የሚለው የለም። አድማጩ ዜማውን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ልቡንም ጆሮውንም ለቃሉ ይሰጣል፤ ወዲያውም አብሮ ያዜማል። ጋትሪ የሚፈልገውም ይህንኑ ነበር።

ቀጥሎ ቃሉ አለ። ጋትሪ ቤቱን ሳያሳምር፣ ሰው በሚያወራበት ቋንቋ ጻፈ። ርዕሱን ከዕለቱ ጋዜጣ፣ ከመንገድ ወሬ፣ ከፍርድ ቤት ይወስድ ነበር። በዕድሜው የጻፋቸው የዘፈን ግጥሞች ወደ 3000 ይጠጋሉ፤ አብዛኛዎቹ ዜማቸው አልተቀዳም።

በዓለም የታወቀበትን ዘፈን ላንሣ። በ1940 መጀመሪያ ላይ ኒው ዮርክ ገባ። በየሬዲዮኑ እግዚአብሔር አሜሪካን እንዲባርክ የሚለምን፣ ኧርቪንግ በርሊን የጻፈው ዘፈን ይሰማ ነበር። ጋትሪ ያን ዘፈን አልወደደውም፤ በመንገድ ላይ ያየው ረሃብና ስደት በውስጡ የለምና። ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1940 ርካሽ ሆቴል ውስጥ ተቀምጦ መልስ ጻፈ። አገሪቱ የሁላችንም ናት የሚል ዘፈን ነው። ስለ አገሩ ተራራና ሸለቆ ያወሳል፤ ዛሬ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ሕፃናት ይዘምሩታል።

ነገር ግን ሕፃናቱ ብዙ ጊዜ የማይዘምሯቸው ሁለት ስንኞች አሉት። አንደኛው መንገደኛውን መግባት ክልክል ነው ብሎ ስለሚያቆም የግል ይዞታ ምልክት ነው። ሁለተኛው በእርዳታ ቢሮ ደጃፍ ተሰልፈው ስለሚጠብቁ ረሃብተኞች ነው። ዘፈኑ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ እነዚህ ስንኞች ቀሩ፤ ውዳሴው ብቻ ተረፈ። እንዲህ ነው የሚሆነው፤ ምስክርነትን ለማጥፋት ዘፈኑን ማገድ የግድ አይደለም፤ መካከሉን ቆርጦ ማውጣት ይበቃል። በጃንዋሪ 2009 ለባራክ ኦባማ በዓለ ሲመት በሊንከን መታሰቢያ በተደረገው ኮንሰርት ላይ የጋትሪ የልብ ወዳጅ ፒት ሲገር በ89 ዓመቱ ከብሩስ ስፕሪንግስቲን ጋር ቆሞ፣ የተቆረጡትን ስንኞች ሳይቀር በመቶ ሺህ በሚቆጠር ሕዝብ ፊት ዘፈነው። ወዳጅ ማለት እንዲህ ያለ ነው፤ ያልሞላውን ይሞላል።

በዚያው በ1940 ጋትሪ የአቧራው ዘመን ዘፈኖቹን ቪክተር በተባለው ኩባንያ በሸክላ አስቀረጸ። ጥሩ የሚከፍል፣ በትምባሆ ንግድ የሚደገፍ የሬዲዮ ፕሮግራምም አገኘ። የሚዘፍነውን ሌላ ሰው ሊመርጥለት ሲጀምር ግን በጥቂት ወራት ጥሎ ወጣ። ሚስትና ሦስት ልጆች ነበሩት፤ ደመወዙን ይፈልገው ነበር። ቢሆንም ሄደ። ቤተሰቡ በዚህ መከራ ማየቱን አልደብቅም፤ የዚህ ሰው ነፃነት ዋጋ ብዙ ጊዜ የተከፈለው በሚስቱና በልጆቹ ነው።

በ1941 የጸደይ ወራት ከቦነቪል የኤሌክትሪክ ኃይል አስተዳደር የአንድ ወር ሥራ አገኘ። የኮሎምቢያን ወንዝና የግራንድ ኩሊን ግድብ የሚያወሱ ዘፈኖችን መጻፍ ነበር። በሠላሳ ቀን 26 ዘፈኖች ጻፈ፤ የተከፈለውም 266 ዶላር ከ66 ሳንቲም ነው። እኛ ስለ ዓባይና ስለ ግድባችን የተዘፈነውን ሁሉ የሰማን ሰዎች ነን፤ ውሃ ወደ ብርሃን ሲለወጥ የሰው ልብ እንዴት እንደሚሞቅ እናውቃለን። ጋትሪም ከልቡ ነው የዘፈነው። በአቧራ የተሰደደ ገበሬ ውሃና መብራት ያለው መሬት ቢያገኝ ምን ያህል ደስ እንደሚለው ያውቅ ነበር። ሆኖም እነዚያ ዘፈኖች የዘለሉት ነገር አለ። ኬትል ፎልስ የሚባለው፣ የጥንቱ የአገሬው ነገዶች ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ሳልሞን ዓሣ የሚያጠምዱበት ፏፏቴ በዚያው ግድብ ውሃ ሰጥሟል። ነገዶቹ በ1940 በቦታው ተሰብስበው አልቅሰው ተሰናብተውታል። ምስክር ሁሉን አያይም፤ ትልቁም ምስክር ቢሆን። እሱ ያላየውን ማየት ከእሱ በኋላ የሚመጣው ዘፋኝ ዕዳ ነው።

ስለ ጊታሩም ልናገር። በጦርነቱ ዓመታት ጊታሩ ላይ «ይህ መሣሪያ ፋሺስቶችን ይገድላል» ብሎ ጽፎበት ነበር። አንዳንዱ ይህን እንደ ወጣት ፉከራ ያየዋል። ኢትዮጵያዊ ግን እንዲያ ሊያየው አይችልም። ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላ፣ በ1937፣ ግራዚያኒ አዝማሪዎችንና ጠንቋዮችን እየያዙ እንዲገድሉ አዝዟል። ከመንደር መንደር እየዞረ የሚዘፍን ሰው የፋሺስቱን አገዛዝ እንደሚያናጋው ገብቶት ነበር። ስለዚህ ያ ጽሑፍ በእኛ አገር በደም የተረጋገጠ ነው። ማሲንቆ ይዘው የተገደሉት ሰዎች ስም ግን የት ተጽፏል? ይህን ጥያቄ ያዙልኝ።

ስለ ስም ካነሣን አይቀር፣ ስለ ዘፈን አሠራሩ የመጨረሻውን ምሳሌ ላቅርብ። ኦክቶበር 31 ቀን 1941 ሩበን ጄምስ የተባለች የአሜሪካ የጦር መርከብ በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ተመትታ በአትላንቲክ ሰመጠች። መቶ ያህል መርከበኞች ሞቱ። ጋትሪ የሟቾቹን ዝርዝር ይዞ ሁሉንም በስማቸው እየጠራ ዘፈን መሥራት ጀመረ። አብረውት የሚዘፍኑት ወዳጆቹ፣ ሲገርም ከነሱ አንዱ ነበር፣ «ይህን ማን ይዘፍነዋል? ማንስ ይይዘዋል?» አሉት። እውነታቸውን ነው፤ የመቶ ሰው ስም ዘፈን አይሆንም። ተወያዩና መፍትሔ አገኙ። አዝማቹ ለአድማጩ ጥያቄ ሆነ፤ የእነዚያ ሰዎች ስም ማን ነበር ብሎ ይጠይቃል።

የግጥም ተማሪዎች፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ዝርዝሩን ወደ ጥያቄ መለወጥ ትልቅ ጥበብ ነው። ስሞቹን ሁሉ ቢዘረዝር አድማጩ ይሰለች ነበር። ሲጠየቅ ግን ስማቸውን አለማወቁ ራሱን ይከነክነዋል። ዘፋኙ የጀመረውን ምስክርነት አድማጩ እንዲጨርሰው አደረጉት።

አራተኛ፤ የሎስ ጋቶስ ሟቾች

ጃንዋሪ 28 ቀን 1948 ከካሊፎርኒያ ወደ ሜክሲኮ ድንበር ሠራተኞችን የሚመልስ አውሮፕላን ሎስ ጋቶስ በሚባል ሸለቆ ላይ በእሳት ተያይዞ ወደቀ። 32 ሰው ሞተ። ከእነዚህ ውስጥ 28ቱ ሜክሲኮአውያን የእርሻ ሠራተኞች ነበሩ። አንዳንዱ በመንግሥታቱ ስምምነት ኮንትራት ገብቶ ሠርቶ የጨረሰ፣ ሌላው ያለ ወረቀት የገባ ነው። የቀሩት አራቱ አብራሪዎቹ፣ አስተናጋጇና የኢሚግሬሽን ጠባቂው ናቸው።

በአገሪቱ የተሰራጨው ዜና የአራቱን ስም ጠራ። ሃያ ስምንቱ ግን «ከአገር የተባረሩ» ተብለው ታለፉ። ፍሬዝኖ ከተማ በሚገኝ መቃብር በአንድ ጉድጓድ ተቀበሩ፤ በላያቸው የተተከለው ምልክት ቁጥራቸውንና ዜግነታቸውን ብቻ የያዘ ነበር።

ጋትሪ ዜናውን ኒው ዮርክ ሆኖ ሰማ። የፍራፍሬ እርሻውን ያውቀዋል፤ የለቃሚዎቹን ሰፈር ያውቀዋል። የራሱ ወገኖች «ኦኪ» ተብለው በዚያው እርሻ ላይ ተዋርደውበታል። ተቀምጦ ግጥም ጻፈ። እውነተኛ ስማቸውን የሚነግረው ስላላገኘ በስፓኝኛ የተለመዱ ስሞች ሰጥቷቸው ተሰናበታቸው። ግጥሙ ዜማ አልነበረውም። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ማርቲን ሆፍማን የተባለ ወጣት ዜማ ሠራለት፤ ሲገር ዘፈነው፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥር ስፍር የሌለው ዘፋኝ ዘፍኖታል።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ቲም ሄርናንዴዝ የተባለ፣ ቤተሰቡ ራሱ በእርሻ ሥራ ያለፈ ደራሲ ያንን የዘፈኑን ጥያቄ ይዞ የድሮ ጋዜጦችንና የመቃብር መዝገቦችን አገላበጠ። የሟቾቹን ስም ከነትክክለኛ አጻጻፉ ፈልጎ አገኘ፤ የአንዳንዶቹንም ቤተሰብ ሜክሲኮ ድረስ ሄዶ አነጋገረ። በሴፕቴምበር 2013፣ ከ65 ዓመት በኋላ፣ በዚያው መቃብር ላይ የሁሉም ስም የተቀረጸበት አዲስ ድንጋይ ቆመ።

እስቲ አስቡት። አንድ ዘፈን ባይኖር ማን ይጠይቅ ነበር? መንግሥት አልጠየቀ፤ ጋዜጣ አልጠየቀ። ሰው ዘፈኑን እየሰማ አደገ፤ «ስማቸው ማነው?» አለ፤ ሄዶም ፈለገ። ዘፈን ድንጋይ አቆመ ብል ማጋነን አይደለም።

እኛ ይህን ታሪክ የሌላ አገር ታሪክ ብለን ልናልፈው አንችልም። ከጅቡቲ ዳርቻ ተነሥታ ወደ የመን የምትሻገር ጀልባ ስትገለበጥ፣ በሊቢያ በረሃ ሰው ሲያልቅ፣ ዜናው የሚነግረን «ይህን ያህል ኢትዮጵያውያን» ብሎ ነው። ቁጥሩን ሰምተን፣ ከንፈራችንን መጥጠን ወደሚቀጥለው ዜና እንሄዳለን። እያንዳንዱ ቁጥር ግን እናቱ ያወጣችለት ስም አለው። የትኛው ቀበሌ እንዳደገ፣ ማን ብር አበድሮ እንደላከው የሚያውቅ መንደር አለው።

አምስተኛ፤ ሕመሙና ውርሱ

የሀንቲንግተንን ስም ያዙልኝ ብዬ ነበር። በሽታው ካለበት ወላጅ የሚወለድ ልጅ ሁሉ የመውረስ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። ጋትሪ ከአርባ ዓመቱ በፊት ምልክቱ ታየበት። ሰዎች ሰካራም ነው አሉ፤ ሐኪሞችም መጀመሪያ ሌላ በሽታ መሰላቸው። በ1952 ቁርጡ ታወቀ፤ የእናቱ ሕመም ነበር። ቀደም ሲል በ1947 ከሁለተኛ ሚስቱ ከማርጆሪ የወለዳት፣ ብዙ የሕፃናት ዘፈን የጻፈላት የአራት ዓመት ልጁ ካቲ በእሳት አደጋ ሞታበት ነበር። በኋላም ክንዱ ተቃጥሎ ጊታር መጫወት አቃተው። ከዚያ መጻፍ፣ በመጨረሻም መናገር ተሳነው። ከአሥር ዓመት በላይ በሆስፒታል ኖሮ ኦክቶበር 3 ቀን 1967 በ55 ዓመቱ ኒው ዮርክ ውስጥ አረፈ።

እንግዲህ ድምፁ ከጠፋ በኋላ ዘፈኑ እንዴት ተረፈ? ሌሎች ሰዎች ስለያዙለት ነው። ሥራቸው ይገባቸዋልና አንድ በአንድ ልጥራቸው።

አለን ሎማክስ በማርች 1940 ለአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ዘፈኑንና ወሬውን ለሰዓታት ቀዳው። ሞ አሽ በትንሽ ስቱዲዮው በ1944 ገበያ ያወጣል አያወጣም ሳይል ከመቶ በላይ ዘፈን ቀዳለት። ፒት ሲገር በ1950ዎቹ በፖለቲካ ምክንያት ከቴሌቪዥን ታግዶ ሳለ በየትምህርት ቤቱና በየሕፃናት ካምፑ እየዞረ የጋትሪን ዘፈኖች አስተማረ። ቦብ ዲላን በጃንዋሪ 1961 ገና የ19 ዓመት ልጅ ሆኖ ሆስፒታል ድረስ መጥቶ ለሕመምተኛው የራሱን ዘፈኖች መልሶ ዘፈነለት።

ማርጆሪን ግን ከሁሉም አስበልጬ ነው የማነሣት። በትዳር ተለያይተው ነበር፤ ሆኖም እስኪሞት ድረስ አስታማው፣ ወረቀቱን ሁሉ ሰብስባ ጠበቀች። እሱ በሞተበት ዓመት በሀንቲንግተን የተያዙ ቤተሰቦችን ፈልጋ ማኅበር አቋቋመች። በሽታውን ሰው እንደ ኃጢአት ይደብቀው ነበር፤ እሷ በስሙ ጠርታ አደባባይ አወጣችው። በየምክር ቤቱ እየዞረች ለምርምር ድጋፍ ጠየቀች። በ1993 ተመራማሪዎች የበሽታውን ጂን ለይተው አገኙ። በሽታውን የሚፈውስ መድኃኒት ግን እስካሁን አልተገኘም፤ የጋትሪ ሁለት ሴቶች ልጆችም በዚሁ በሽታ በ41 ዓመታቸው ሞተዋል። ማርጆሪ የሠራችው ሥራ ከባሏ ሥራ ጋር አንድ ነው፤ የተሸሸገውን መከራ በስሙ ጠራችው።

ዛሬ የጋትሪ ደብተሮች ከ2013 ጀምሮ በተልሳ፣ ኦክላሆማ በስሙ በተሠራው ማዕከል ይገኛሉ። ካልተቀዱት ግጥሞቹ መካከል ጥቂቱን ልጁ ኖራ ለእንግሊዛዊው ዘፋኝ ለቢሊ ብራግና ዊልኮ ለተባለው ባንድ ሰጥታ በ1998 አዲስ ዜማ ተሠርቶላቸው ወጥተዋል። ኦኪማም ቢሆን በዚያው ዓመት በስሙ ዓመታዊ የሙዚቃ በዓል ጀምራለች።

ክቡራትና ክቡራን፣ ንግግሬን ላጠቃል።

የሕዝብ ዘፋኝ ምስክር ነው ብያለሁ። ምስክር በስም ይናገራል ብያለሁ። ከዚህ ተነሥቼ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ።

ለዘፋኞችና ለገጣሚዎች፦ ፍቅርን ዝፈኑ፣ አገርን አወድሱ፤ ነገር ግን በሰፈራችሁ ያያችሁትን አንድ ነገር፣ ከነቦታውና ከነሰዎቹ፣ በዘፈናችሁ አስገቡ። ዜማ ከቸገራችሁ የአያቶቻችሁ ዜማ አለላችሁ።

ለተማሪዎችና ለተመራማሪዎች፦ አዝማሪ ሲዘፍን ስትሰሙ ስልካችሁን አውጥታችሁ ብቻ አትቅዱ። ስሙን ጠይቁ፤ የትውልድ ቦታውን፣ ከማን እንደተማረ፣ ያን ስንኝ መቼና ለምን እንደገጠመ ጻፉ። ያለ ስም የተቀዳ ድምፅ ከሃያ ዓመት በኋላ የማን እንደሆነ የሚናገር አይገኝም። ደግሞም በ1937 የተገደሉትን አዝማሪዎች ስም ፈልጉ። የአንዳንዱ ስም በልጅ ልጆቹ ዘንድ ሊኖር ይችላል፤ የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች በየዓመቱ እያለቁ ነው።

ለሁላችንም ደግሞ፦ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ሰመጠች ጀልባ ስንሰማ «ስንት ሰው ሞተ?» ከማለት አንለፍ። «እነማን ናቸው?» ብለን እንጠይቅ። ጥያቄው ለሬዲዮ ጣቢያውም፣ ለኤምባሲውም፣ ለቀበሌውም ይድረስ። መልስ እስኪገኝ የሚጠይቅ ሰው ካለ ስም አይጠፋም፤ የሎስ ጋቶስ ሰዎች ይህንን አስተምረውናል።